መኪናዋ ትንሽ፣ ጓዙ ብዙ!

በዚህ ዓምድ የፍቅር ጣጣ፣ የትዳር ኩርፊያ፣ የኪራይ ቤት ጭቅጭቅ ስናነሣ ቆይተናል። የዛሬው ግን ለየት ይላል። እህትና ወንድም ተኳርፈዋል። ያኳረፋቸው የውርስ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንዲት አሮጌ ሚኒባስ ውስጥ የተጫነ ጓዝ ነው! አትሳቁ። ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ስትሰሙት ነገሩ የሚያስቅ ብቻ እንዳልሆነ ይገባችኋል።

ጠያቂያችን የአዲስ አበባ ወጣት ናት። አባቷ ያሉት ደቡብ ጎንደር፣ ሲማዳ ነው። እናታቸው ካረፉ ወዲህ አባባ ብቻቸውን ናቸው፤ ጉልበታቸውም አልታዘዝ ብሏቸዋል። ልጆቹ “አዲስ አበባ ይምጡና ከእኛ ጋር ይኑሩ” እያሉ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምነው በመጨረሻ እሺ አሰኝተዋቸዋል። “መጥታችሁ ከወሰዳችሁኝ እመጣለሁ” ብለዋል አባባ። እናም ወንድምየው አሮጌ ሚኒባሱን አሰናዳ፤ የኋላ ወንበሮቹን ነቅሎ አንድ ረድፍ ብቻ ተወና ፍራሽ አነጠፈባት። ሲሄዱ እሱ፣ ባለቤቱና እህቱ ሦስት ናቸው። መንገድ ላይ እዚያው መኪናዋ ውስጥ ሊያድሩ አስበዋል። ሲመለሱ አባባን ይዘው አራት ይሆናሉ።

የቀረውን ከራሷ እንስማ፦

“ጓዙን ለሙከራ ጫንነው። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሁለት፣ ቡታጋዝ፣ ድስትና ሰሃን፣ ለብርዱ የከሰል ምድጃ ከነከሰሉ፣ ለዘመድ የሚሆን 25 ኪሎ ስኳርና 20 ሊትር ዘይት፣ ስድስት ብርድ ልብስ፣ አራት የፕላስቲክ ወንበር፣ ትንሽ ጄኔሬተር፣ ሙዚቃ የሚያጫውት ትልቅ ስፒከር... ሁሉም ነገር ገባ፤ እኛ ግን አልገባንም። የወንድሜ ሚስት ድስት ታቅፋ ተቀመጠች፣ እኔ እግሬን የማሳርፍበት አጣሁ። ‘አባባስ ሲመለሱ የት ይቀመጣሉ?’ ብዬ ብጠይቀው ‘ያን ጊዜ ይታያል’ አለኝ። ‘ለአንተ ከአባባ ስፒከርህ ይበልጣል’ ብዬ ተናገርኩት። ይኸው ሳምንታችን፣ አንነጋገርም። እስቲ እናንተ ፍረዱን።”

እህታችን፣ በመጀመሪያ ስለ ወንድምሽ አንድ ነገር እንበል። ሥራውን ትቶ፣ መኪናውን አፍርሶ፣ አባቱን ሊያመጣ የተነሣ ልጅ አባቱን ንቆ አይደለም። “መንገድ ላይ ይቸግረን ይሆን?” ብሎ የፈራ ሰው ሁሉንም ነገር ይጭናል። ጓዝ የሚበዛው ብዙ ጊዜ በፍርሃት ነው። ግን ጥያቄሽ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ እንዲያውም ከጥያቄዎቹ ሁሉ መጀመሪያ መመለስ ያለበት እሱ ነው። “ያን ጊዜ ይታያል” የሚባል ነገር የለም። ያን ጊዜ ሲሆን አባባ ከበራቸው ቆመው፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የሚታየው ጉድ ብቻ ነው!

ስለዚህ የዛሬው ምክራችን በአንድ ቃል ይኸው፦ ጓዝ የሚለካው በመሄጃው ሳይሆን በመመለሻው ነው። መኪናዋ ስትመለስ ማን ይኖራል? የት ይቀመጣል? እግሩን የት ይዘረጋል? ሌሊት ተነሥቶ መውጣት ቢፈልግ ማንን ይረግጣል? ይህን መልሳችሁ ስትጨርሱ የተረፈው ቦታ የዕቃ ነው።

መኪናን ቤት ማድረግ የፈረንጅ ነገር ብቻ አይምሰላችሁ። እርግጥ ፈረንጆቹ በዚህ ተራቀውበታል። ጀርመን ውስጥ ዌስትፋሊያ የሚባለው ፋብሪካ ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቮልስዋገን ሚኒባስ ውስጥ አልጋና ቁም ሣጥን እየገጠመ ሲሸጥ ኖሯል። እነሱ “ካምፐር” ይሉታል። ግን የእኛ ከባድ መኪና ሾፌሮችስ? ጋቢናቸው መኝታ ቤት ነው፤ በጎን በኩል የተገጠመችው የብረት ሳጥን ማድ ቤት ናት። ድስቱ፣ በርበሬው፣ ስኒው እዚያች ውስጥ ነው። ጨለማ ቢሆን እንኳ ሾፌሩ እጁን ሰዶ ክብሪቱን ሳያይ ያወጣል። ለምን ቢባል ሁልጊዜ አንድ ቦታ ስለሚያስቀምጠው ነው።

ከሾፌሮቹ በፊት ደግሞ ሲራራ ነጋዴ ነበር። የሲራራ ነጋዴ በቅሎ ሲጭን ግራና ቀኙን ያስተካክላል። ካላስተካከለ ጭነቱ ያጋድላል፣ በቅሎው ይገጠባል፣ መንገዱ ይቀራል። ማታ ሰፈር ሲደርስ መጀመሪያ የሚፈልገውን ስንቅ ከላይ ያስራል፤ ገበያ ደርሶ የሚፈታውን ከታች። እናንተም ሚኒባሷን እንደ በቅሎ ቁጠሯት።

በዚያው እናንተ በምትሄዱበት አገር ስላለፈ የጓዝ ታሪክ እናንሣ። አዲስ አበባ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ያለውን የሴባስቶፖል መድፍ ምስል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዋናው መድፍ የተሠራው ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ነው። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው በጋይንት፣ በጨጨሆ በኩል መንገድ እያስቆፈሩ፣ ሰው በገመድ እየጎተተው መቅደላ ያስገቡት መጋቢት ላይ ነው። ስድስት ወር ያህል! ወታደር ብቻውን ቢሆን በጥቂት ቀን የሚደርስበትን መንገድ ማለት ነው። መሪው ንጉሥ፣ ጎታቹ ሠራዊት ሆኖ እንኳን ከባድ ዕቃ በጋይንት ተራራ ላይ ይህን ያህል ጊዜ ይበላል። የእናንተዋ ሚኒባስ ደግሞ ንጉሥም ሠራዊትም የላትም፤ ያላት ፍሬን ብቻ ነው።

መንገዱን እናስተውለው እስቲ። ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ ጎሃ ጽዮን ስትደርሱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ትወርዳላችሁ፤ ከዚያ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ትወጣላችሁ። በረሃው ያቃጥላል። ደብረ ማርቆስን፣ ባሕር ዳርን አልፋችሁ ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ትታጠፉና በደርግ ዘመን ቻይናዎች በሠሩት መንገድ ደብረ ታቦር፣ ክምር ድንጋይ እያላችሁ የጉናን ጎን ይዛችሁ ነፋስ መውጫ ትገባላችሁ። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው፤ ነፋስ መውጫም 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስሟ ራሱ ይናገራል! ሌሊት ውርጭ አለ። ከነፋስ መውጫ ወደ አርብ ገበያ፣ ታች ጋይንት ወርዳችሁ ወደ ወገዳ፣ ሲማዳ ስትሄዱ ደግሞ አየሩ እንደገና ይለወጣል፤ የሲማዳ ቆላው እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ይወርዳል። እንግዲህ በአንድ ጉዞ በረሃም ውርጭም አለባችሁ። አቀማመጣችሁ ይህን ካላወቀ፣ በረሃ ላይ ብርድ ልብስ እያገላበጣችሁ ውሃ፣ ውርጭ ላይ ደግሞ ጀሪካን እያነሣችሁ ጋቢ ስትፈልጉ ታድራላችሁ።

በሉ ወደ ሥራው እንግባ።

አንደኛ፣ ሁሉንም አውርዱ። ግቢ ውስጥ ሸራ ዘርጉና ጓዙን በሦስት ክመሩ፦ በየቀኑ የምንነካው፣ አንዴ ብቻ የምንነካው፣ ምናልባት የምንነካው። ሦስተኛው ክምር ውስጥ ጄኔሬተሩንና ስፒከሩን ታገኟቸዋላችሁ። ወንድምዬ፣ ይቅርታ፣ እነሱ ይቀራሉ። ለስልክ ቻርጅ የመኪናዋ ባትሪ ይበቃል፤ ለሙዚቃም የመኪናዋ ቴፕ አለ። ስኳሩንና ዘይቱንም ከአዲስ አበባ አትጫኑ። 45 ኪሎ የሚሆን ነገር በዓባይ በረሃ ወርዶ የሚወጣበት ምክንያት የለም። ነፋስ መውጫ ገበያ አለ፣ እዚያ ግዙት። ወደ አባባ ደግሞ ደውሉና “ከዚያ የማይገኝ ምን እናምጣ?” በሉ። መልሳቸው ምናልባት አንድ መድኃኒትና አንድ ባትሪ ይሆናል፤ እናንተ ግን ግማሽ መርካቶ ጭናችሁ ነበር!

ሁለተኛ፣ የሰው ቦታ ይከለል። ጠመኔ ያዙና የመኪናዋ ወለል ላይ የአባባን ቦታ አስምሩ። ከተረፈው የወንበር ረድፍ ላይ በበሩ በኩል ያለው የሳቸው ነው። ከፊቱ እግራቸውን የሚዘረጉበት፣ የሚይዙት ነገር ያለበት፣ ሲወጡና ሲገቡ የሚረግጡት ዝቅ ያለ ጠንካራ በርጩማ ያለበት ይሁን። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከፍ ያለ መኪና ላይ መውጣት ምን ያህል እንደሚከብደው ወጣት አያውቀውም። በዚያች በተሰመረችው ቦታ ላይ በመሄጃውም ቢሆን አንድ ፌስታል እንኳ አይቀመጥ። አንዴ ዕቃ የለመደችው ቦታ በመመለሻው ለሰው አትለቅም።

ሦስተኛ፣ ከባዱ ከታች፣ ከመሃል፣ ታስሮ። ውሃው፣ የመሣሪያ ሳጥኑ፣ ቡታጋዙ ወለል ላይ፣ ከወንበሩ ጀርባ ተጠግተው ይቀመጡና በገመድ ይጠፈሩ። መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደች ድንገት ብትቆም ያልታሰረው ጀሪካን አይቆምም፤ 60ውን ይዞ ወደ ፊት ይመጣል። 20 ኪሎ ነገር ከኋላ አናት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ መናገር አያስፈልግም። ፖርቶ መጋላው ላይ የሚወጣው ቀላል ነገር ብቻ ነው፤ በሸራ የተሸፈነ ብርድ ልብስና የፕላስቲክ ወንበር ቢጤ። ላይዋ የከበደ መኪና ጠመዝማዛ ላይ ታጋድላለች። የከበደችው ደግሞ ቁልቁለት ላይ ፍሬኗ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን አይዝም። በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ።

አራተኛ፣ ሻንጣን ፍቱት። ጠንካራ ሻንጣ ለአውሮፕላን ነው፤ ሚኒባስ ውስጥ ማዕዘኑ ሰው ይወጋል እንጂ አይታጠፍም። ልብሳችሁን ጠቅልላችሁ በጨርቅ ቦርሳ ወይም በትራስ ልብስ ውስጥ ክተቱ። ቀን ጓዝ ነው፣ ማታ ትራስ ነው፤ ሁለት ሥራ በአንድ ቦታ! ለቀረው ዕቃ ፍራፍሬ የሚጫንበትን ጠንካራ የፕላስቲክ ሳጥን አራት ግዙ። አንዱ የማድ ቤት፣ አንዱ የመኪና፣ አንዱ የሌሊት፣ አንዱ ባዶ። ከፍራሹ ሥር፣ ጎን ለጎን ደርድሩና ላያቸው ላይ ጠንካራ ጣውላ ወይም ኮምፔርሳቶ፣ በጣውላው ላይ ፍራሹ። አልጋ ሆነ! በኋላ በር ስትከፍቱ ሳጥኖቹ እንደ ኮሞዲኖ መሳቢያ ይሳባሉ። ባዶው ሳጥን ለምን? ቆይ፣ እንደርስበታለን።

አምስተኛ፣ የሌሊት ሳጥን። ጨለማ ሲሆን የምትፈልጉት ሁሉ እዚያ ይግባ፦ የእጅ ባትሪ፣ ጋቢ፣ ካልሲ፣ ሶፍት፣ የአባባ መድኃኒት፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ። የእጅ ባትሪው እንዲያውም ከበሩ አጠገብ በገመድ ይንጠልጠል፤ ማንም ያነሣው ሰው እዚያው ይመልሰው። ከዚህ በላይ ሕግ አያስፈልጋችሁም። መኪና ውስጥ የሚነሣው ጠብ ግማሹ “አንተ ነህ የወሰድከው፣ አንቺ ነሽ” የሚል ነው።

ስድስተኛ፣ ክሪክና ስኮርታ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ትርፍ ጎማው፣ ክሪኩ፣ የጎማ መፍቻው ከጓዙ ሁሉ በታች ይቀበራል። ከዋናው መንገድ ወጥታችሁ ወደ ገጠሩ ቀበሌ ስትገቡ ጎማ ቢተነፍስ፣ ዝናብ እየዘነበ ፍራሹንና ድስቱን ጭቃ ላይ ልታወርዱ ነው ማለት ነው! የመኪና ሳጥኑ በኋላ በር በኩል፣ ምንም ሳይወርድ የሚደረስበት ይሁን። ከእንጨት የተቆረጠ ጥሩ ታኮም አይርሳችሁ፤ ተዳፋት ላይ ማደር ስለማይቀር።

ሰባተኛ፣ ፈሳሽና ሽታ ያለው ነገር ለብቻ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ከመያዝ ባለ 5 ሊትር አራት ይሻላል፤ ለማንሣትም ለማሰርም፣ አንዱ ቢፈስ ሁሉም እንዳይፈስም። ለመጠጥ ለአንድ ሰው በቀን ሦስት አራት ሊትር ብታስቡ ይበቃል፤ በየከተማው መሙላት ይቻላል። አዲስ አበባ ላይ ጥርቅም አድርጋችሁ የዘጋችሁት የወጥ ዕቃ ነፋስ መውጫ ላይ ሲከፈት ሊፈናጠር ይችላል፤ ከፍታው ሲጨምር የውጭው አየር ስለሚሳሳ ነው። ቀስ ብላችሁ ክፈቱት። በመመለሻው የሚሰጣችሁ ቅቤ ደግሞ ጉና ላይ ድንጋይ ይሆንና ዓባይ በረሃ ላይ ይቀልጣል። በክዳን ዕቃ፣ ክዳኑም በላስቲክ ታስሮ፣ ከልብስ ርቆ ይቀመጥ። ቅቤ የጠጣ ፍራሽ ለዘላለም ቅቤ ነው!

አሁን ደግሞ ቀልዱን እንተውና የሕይወት ጉዳይ እናንሣ። ከጓዙ ዝርዝር ውስጥ ያስደነገጠን ስፒከሩ ሳይሆን የከሰል ምድጃው ነው። ወንድማችን፣ ለብርዱ ብለህ የያዝከው ከሰል በተዘጋ መኪና ውስጥ ሰው ይገድላል። የከሰል ጭስ ባይታይም፣ ፍሙ ቢቀላም፣ የማይሸት መርዛም አየር ይወጣዋል። ሰው ይሞቀዋል፣ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ በዚያው ይቀራል። “መስኮቱን ትንሽ እከፍታለሁ” ማለት አያድንም። ቡታጋዝም ውስጥ አይለኮስም። ሞተር አስነሥቶ ማሞቂያ ከፍቶ መተኛትም ያው ነው። ለውርጭ መድኃኒቱ ጋቢ በጋቢ ላይ፣ ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ከፍራሹ ሥር ካርቶን፣ ደግሞም ሙቅ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከእግር ሥር። ካርቶኑን አትናቁት፤ ብርድ ከላይ ብቻ አይመጣም፣ ከወለልም ይመጣል። ከሰሉ እዚያው አዲስ አበባ ይቅር።

ሌላው፣ ፍራሹ ለማደሪያ እንጂ ለጉዞ አይደለም። አባባ ደከሙ ተብሎ መኪናዋ እየሄደች ፍራሹ ላይ አይተኙ። ቀበቶ ባለው ወንበር ላይ፣ በጀርባቸው ትራስ ተደግፈው ይሂዱ፤ በየሁለት ሰዓቱ ቆማችሁ እግራቸውን ያፍታቱ። ሲመሽ ከተማ ውስጥ ምድር ቤት ያለ የአልጋ ክፍል ካገኛችሁ ለሳቸው ያዙላቸው። ከጠፋ ፍራሹ የሳቸውና የወንድምሽ ነው፤ አንቺና ምራትሽ የወንበሩን ረድፍና ጋቢናውን ትካፈላላችሁ። ሁለት ሌሊት ነው፣ ትችሉታላችሁ!

ስለ መንገዱም እውነቱን እንናገር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገድ ድንገት ሲዘጋ፣ ሰው ሲታገት ታይቷል። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት፣ ከዚያም በየጠዋቱ፣ ቀጥሎ ወደምትሄዱበት ቦታ ለምታውቁት ሰው ደውሉ። “ዛሬ አትምጡ” ካላችሁ አትሂዱ፤ አባባ ሁለት ዓመት ቆይተዋል፣ ሁለት ሳምንት ይቆያሉ። በቀን ብቻ ንዱ። ማደሪያችሁም ከከተማ ውጭ ሜዳ ላይ ሳይሆን ዘበኛ ያለው ግቢ ውስጥ ይሁን። ኬላ ላይ ፍተሻ አለ። በሥርዓት የተደረደረ ጓዝ እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል፦ ሳጥኑ ይሳባል፣ ይታያል፣ ይገፋል፤ አለቀ። የተዝረከረከው ግን እስከ ማንኪያው ይወርዳል። መታወቂያችሁና የመኪናዋ ወረቀት በአንድ ቦርሳ፣ ጋቢና ውስጥ ይሁን።

አሁን ወደ ባዶው ሳጥን እንመለስ። ጋይንትም ሂዱ፣ እስቴም ሂዱ፣ ሲማዳም ሂዱ፣ ባዶ እጅ የሚሸኛችሁ ሰው የለም። አክስት ገብስ ትሰፍራለች፣ ጎረቤት ማር ይዞ ይመጣል፣ የክርስትና ልጅ ዶሮ ታቅፎ ይቆማል። “ቦታ የለንም” ብሎ መመለስ ትልቅ ነውር ነው፤ አባባንም አንገት ያስደፋል። ስለዚህ ባዶው ሳጥን የዚያ ነው። ከሱ ጋር ሁለት ባዶ ማዳበሪያ ከረጢት አጣጥፋችሁ ያዙ። በመሄጃው የበላችሁት ስንቅ በለቀቀው ቦታ የመመለሻው ስጦታ ይገባል። በጉስ? በግ ቢሰጧችሁ እጅ ነሥታችሁ ተቀበሉና እዚያው ለአክስት አደራ ስጡ፤ “ለፋሲካ መጥተን እናርደዋለን” በሉ። በግና አባባ በአንዲት ሚኒባስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ አይጓዙም!

እህታችን፣ ወንድማችን፣ አንድ የመጨረሻ ነገር። የአባባ ጓዝ ብዙ አይሆንም። ምናልባት ጋቢ፣ በትር፣ ዳዊት፣ ጃንጥላ፣ የእናታችሁ የሆነች አንዲት ነገር። እነዚህን ከፍራሽ ሥር አትክተቱባቸው። በእጃቸው በሚደርሱበት፣ በዓይናቸው በሚያዩት ቦታ ይሁኑ። ዕድሜ ልካቸውን የኖሩበትን ቤት ዘግተው፣ ከሚስታቸው መቃብር ተለይተው ነው የሚመጡት። የመኪናዋ በር ሲከፈት መጀመሪያ የሚያዩት በዕቃ መሃል የተረሳች ጠባብ ስንጥቅ ከሆነ፣ “ልጆቼ ቤትም ቦታዬ ይህችው ናት” ብለው ያስባሉ። አይናገሩትም፣ ግን ያስባሉ። ተጠርጎ፣ ትራስ ተደርጎበት፣ በትር መስቀያ ተበጅቶለት የሚጠብቅ ወንበር ካዩ ደግሞ ሌላ ንግግር አያስፈልጋችሁም።

ፍርዳችን እንግዲህ ይህ ነው። ጥያቄው ላይ አንቺ ትክክል ነሽ። “ስፒከርህ ይበልጣል” ያልሽው ላይ ግን አጥፍተሻል፤ ታላቅሽም ይሁን ታናሽሽ ይቅርታ ጠይቂው። እሱ ደግሞ ከሰሉን ያውርድ፣ ጠመኔውን ያንሣ። ዕቃውን አብራችሁ ደርድሩት፤ ብቻውን የደረደረ ሰው ዕቃው የት እንዳለ ብቻውን ነው የሚያውቀው፣ እሱ የተኛ ለት ሁላችሁም ዕውር ናችሁ።

ከዚያ፣ ከመነሣታችሁ ከሁለት ቀን በፊት፣ ሦስታችሁም እዚያው ግቢያችሁ ውስጥ አንድ ሌሊት መኪናዋ ውስጥ እደሩ። መብራት አጥፉ፣ ሻይ አፍሉ (ከመኪናዋ ውጭ!)፣ ጋቢ ፈልጉ፣ ለሽንት ውጡና ግቡ፣ ጎማ እንደ ፈታችሁ አድርጋችሁ ክሪኩን አውጡ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው፤ ያን ሌሊት እጃችሁ ያልነካውን ዕቃ ሁሉ ጠዋት አውርዱት። የጎደለውን የምታገኙት ግቢያችሁ ውስጥ ከሆነ ቤታችሁ አጠገባችሁ ነው፤ ጉና ላይ ከሆነ ግን ነፋሱ ብቻ ነው የሚሰማችሁ።

መልካም መንገድ! አባባንም በደኅና ያግቡልን።